ጉሎ ባለበት ግቢ ውሻ ስታሳድጉ

ቡቺ ቡችላ እያለች ያላኘከችው ነገር የለም፤ ነጠላ ጫማ፣ የውሃ ጎማ፣ የጀበና ማቶት። ክው ያልኩት ግን አፏ ውስጥ የጉሎ ፍሬ ያገኘሁ ቀን ነው። ያቺ ዝንጉርጉር፣ የምታብረቀርቅ፣ ምጣድ የምናሟሽባት ፍሬ!

ፍሬዋ ሳትሰበር ከተዋጠች እንዳለች ልትወጣ ትችላለች፤ ከታኘከች ግን ልትገድል ትችላለች። ትውከቱና ደም የቀላቀለ ተቅማጡ ከሰዓታት እስከ 2 ቀን ሊዘገይ ስለሚችል «ደህና ናት እኮ» ብላችሁ እንዳታድሩ።

ጉሎን ከላይ መቁረጥ ትርፉ ድካም ነው፤ ያቆጠቁጣል። ጓንት አድርጋችሁ ከነሥሩ ንቀሉት፤ ያውም እሾሃማው ቅርፊት ሳይደርቅ፣ ምክንያቱም ሲደርቅ ፈንድቶ ፍሬውን ይበትናል። እኔ በማዳበሪያ ጠቅልዬ ካስወጣሁ በኋላም ለሳምንታት አጥር ሥር ስለቅም ከረምኩ። ጎረቤቶች ዕቃ የጠፋኝ መስሏቸው ነበር።

አስተናግርንም ከክረምት በኋላ ቆሻሻ መጣያ አካባቢ ፈልጋችሁ ንቀሉ። የቅንጭብ አጥር ካላችሁ ወተቱ ዓይን ያቃጥላል፤ ከነካት በብዙ ውሃ እጠቡ። ኦሊያንደር የሚባለው የአበባ ተክል ቅርንጫፍ ደግሞ ለውሻ መጫወቻ አይወረወርም፤ ሁለመናው ልብ የሚያውክ መርዝ ነው።

በልታ ከሆነ አፏ ውስጥ የቀረውን አውጡ። ወተት አያረክሰውም፤ ጨው በጥብጦ ማስመለስም ራሱ ይመርዛል። የተረፈውን ቅጠል ወይም ፍሬ በፌስታል ይዛችሁ፣ የበላችበትን ሰዓት አስታውሳችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ሩጡ።