በድምፅና በመስማት ሳይንስ ቃላት አጠቃቀም ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ስለ ድምፅ በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ ግርታ ከሚፈጥሩት ስህተቶች ብዙዎቹ የሚመነጩት፣ በመሣሪያ የሚለካውንና ጆሮ የሚሰማውን በአንድ ቃል ከመጥራት ነው።

«ከፍተኛ ድምፅ» የሚለው አነጋገር ጥሩ ምሳሌ ነው። አንዱ ጸሐፊ ጩኸትን፣ ሌላው ደግሞ የንዝረት ድግግሞሹ የበዛውን ድምፅ በዚሁ ስም ይጠራዋል። አማርኛ ለኋለኛው «ቀጭን» እና «ወፍራም» የሚሉ የቆዩ ቃላት ስላሉት፣ ይህ ግርታ ጨርሶ ባልተፈጠረ ነበር። ትንኝ ጆሮ ሥር ስትበር የምታሰማው ድምፅ ቀጭን ነው እንጂ ጩኸት አይደለም፤ የሩቅ ነጎድጓድም ወፍራም ሆኖ ሳለ ደካማ ሊሆን ይችላል።

ቅጥነትን ከድግግሞሽ ጋር አንድ ማድረግም ስህተት ነው። ድግግሞሽ በአንድ ሰከንድ የሚፈጸመው የንዝረት ብዛት ሲሆን በኸርዝ ይለካል፤ ቅጥነትና ውፍረት ግን በሰሚው አእምሮ ውስጥ የሚፈጠሩ ስሜቶች ናቸው። የተለመደው የስልክ መስመር ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ እምብዛም ባያስተላልፍም፣ መሠረታዊ ድግግሞሹ ከዚያ በታች የሆነውን የወንድ ድምፅ ወፍራም አድርገን የምንሰማው፣ አእምሮ የጎደለውን ከሚደርሱት ብዜቶች (የመሠረታዊው ድግግሞሽ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እጥፍ ከሆኑት ንዝረቶች) ስለሚያሟላው ነው።

ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስተው የድምፅ ጥንካሬ የሚገለጽበት ዴሲቤል ነው። ዴሲቤል እንደ ሜትር በቀጥታ የሚደመር መለኪያ ሳይሆን ከተወሰነ መነሻ ጋር የሚደረግ ንጽጽር በመሆኑ፣ 60 ዴሲቤል የ30 ዴሲቤል እጥፍ አይደለም። በየ10 ዴሲቤሉ የድምፁ ኃይል 10 ጊዜ ስለሚባዛ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 1,000 እጥፍ ነው፤ ለጆሮ ግን እያንዳንዱ የ10 ዴሲቤል ጭማሪ የሚሰማው በግምት እጥፍ ያህል ሆኖ ነው። እያንዳንዳቸው 80 ዴሲቤል የሚያሰሙ ሁለት ማሽኖች አብረው ሲሠሩም ድምሩ 83 አካባቢ እንጂ 160 አይሆንም። ዜሮ ዴሲቤልም ዝምታ አይደለም፤ ጤናማ ጆሮ ሊሰማው ከሚችለው እጅግ ደካማ ድምፅ አካባቢ የተመረጠ የ20 ማይክሮፓስካል (የግፊት መለኪያ) መነሻ ነው። የማሽን ዴሲቤል ሲጠቀስ ከምን ያህል ርቀት እንደተለካ አለመግለጽም ቁጥሩን ትርጉም ያሳጣዋል።

የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ይሰማል የሚለው እንደ ቋሚ ሕግ መወሰድ የለበትም፤ የላይኛው ወሰን ከዕድሜ ጋር እየወረደ ይሄዳል።

በመጨረሻም የመስማት ችሎታ መቀነስን «ድምፅ አነሰብኝ» ብቻ አድርጎ መተርጎም አይገባም። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ የፀጉር ሕዋሳት በሰው ላይ አንዴ ከጠፉ ተመልሰው አይተኩም፤ ብዙውን ጊዜም ቀድመው የሚጎዱት ቀጫጭን ድምፆችን የሚቀበሉት ናቸው። ስለዚህ የመስማት ችሎታው የቀነሰ ሰው አናባቢዎቹን በደንብ እየሰማ እንደ «ሰ» እና «ፈ» ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች መለየት ያቅተዋል፤ ቢጮሁለትም በአብዛኛው የሚጎላው ቀድሞውንም ይሰማው የነበረው ክፍል ነው።