ከካርቡራተር ወደ ኢንጀክሽን፦ ለኮሮላ ኢኢ90 የ4ኢ ሞተር አገጣጠም

ኮሮላ ኢኢ90 ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣው 2ኢ ሞተር 1295 ሲሲ፣ ባለ 12 ቫልቭና ባለ ካርቡራተር ነው። ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ) አልቆ ዘይት መብላት ሲጀምር አብዛኛው ባለመኪና ሞተሩን አስወርዶ ያሳድሳል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ቦዲው ያልበሰበሰ ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት ይነዳል፤ እንዲህ ያለው መኪና የተሻለ ሞተር ቢገባለት አያስቆጭም።

1600 ሲሲው 4ኤ-ኤፍኢ ያጓጓል፤ ግን የ"ኤ" ዘር ሞተር ከካምቢዮ ጋር የሚገጥምበት ፊት ከ"ኢ" ዘሮቹ የተለየ ስለሆነ ካምቢዮውም አብሮ መቀየር አለበት። በየቀኑ ሥራ ለሚያደርስ መኪና ትክክለኛው ምርጫ 4ኢ-ኤፍኢ ነው፦ 1331 ሲሲ፣ 16 ቫልቭ፣ ኢንጀክሽን (ነዳጁን በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጭ)። ከ2ኢ ጋር አንድ ዘር ስለሆነ የነበረው ካምቢዮ ባለበት ይቀመጣል። 1497 ሲሲው 5ኢ-ኤፍኢም እንዲሁ ይገጥማል፤ ካገኛችሁት አትለፉት። 4ኢ ከስታርሌት ኢፒ82ና ኢፒ91፣ ከኮሮላ ኢኢ101ና ኢኢ111 ይወጣል። ሽቦው ለኮሮላ ቦዲ ተለክቶ የተሠራ ስለሆነ ከኮሮላ የወጣውን አስቀድሙ።

ሶማሌ ተራ ስትገዙ "ሙሉ ሞተር" የሚለውን ቃል አትመኑ፤ ቆጥራችሁ ተረከቡ። ኮምፒውተሩ፣ ሙሉ የሽቦ ጥቅሉ ከነሶኬቶቹ፣ ዲስትሪቢዩተሩ፣ ኮይልና ኢግናይተሩ (ለኮይሉ ኤሌክትሪክ የሚቆርጠው)፣ የማፕ ሴንሰሩ (የማኒፎልዱን የአየር ግፊት የሚለካው)፣ የነዳጅ ፓምፕ ሪሌው፣ የጋዝ ገመዱ፣ የአየር ፊልትሮ ቤቱና ቮላኖው (ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበት ከባድ ጎማ መሰል ብረት) መኖር አለባቸው። ሽቦው በቢላ ተቆርጦ የወጣ ሞተር በግማሽ ዋጋም ቢሆን ይቅርባችሁ። ያተረፋችሁት ብር ለኤሌትሪሻን ይሄዳል።

ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ሳይለካ አትክፈሉ። አራቱንም ካንዴላ አውጥታችሁ፣ ጋዙን እስከ መጨረሻ ከፍታችሁ፣ በሞላ ባትሪ ሞተሩን በሞተሪኖ አዙሩ። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ በባሕር ጠለል 180 ፒኤስአይ የሚያነብ ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ላይ 140 አካባቢ ነው የሚያነበው፤ ከፍታው ላይ አየሩ ቀጭን ነውና። ስለዚህ ቁጥሩ አነሰ ብላችሁ ጥሩ ሞተር አትጣሉ፤ ዋናው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከ14 ፒኤስአይ በላይ ከተራራቁ አትግዙ። የዘይት ክዳኑ ውስጠኛ ክፍል ላይ ቡና በወተት የመሰለ ቅባት ከታየም ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ወይም ከሥሩ ያለው ጓርኒሲዮን ችግር አለበት።

የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ የተጻፈ ነው። የሽያጭ ደረሰኙንና ሞተሩ የገባበትን የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ሳትይዙ ከሱቁ አትውጡ። ሊብሬው ላይ ቁጥሩን አስቀይሩ፣ ለኢንሹራንሱም አሳውቁ፤ ያለዚያ የዓመቱ ቦሎ ሲደርስ መኪናው ይቆማል።

ሞተሩ መሬት ላይ እያለ የቲይሚንግ ቺንጋውን ከነመወጠሪያው፣ የውሃ ፓምፑን፣ ቴርሞስታቱን፣ የፊትና የኋላ ክራንክ ፓራኦሊዮዎችን (ዘይት የሚያግዱትን ጎማዎች) ቀይሩ። የኋላውን ፓራኦሊዮ ዛሬ መቀየር አሥር ደቂቃ ነው፤ ከተገጠመ በኋላ ካምቢዮ ማውረድ ይጠይቃል። አዲሱን የፍሪሲዮን ዲስክ መጀመሪያ የካምቢዮው ዘንግ ላይ በእጅ አስገብታችሁ ሞክሩት፤ ያለ ግፊት መንሸራተት አለበት። ዲያሜትሩም ከቮላኖው ጋር ይመሳከር። የፕሬሸር ፕሌቱ ብሎኖች በመስቀል ቅደም ተከተል 19 ኒውተን ሜትር ይጠበቃሉ።

የካምቢዮ በኩል ሞተር መያዣ አይነካም። በቺንጋው በኩል ያለውን የሞተር መያዣ ብረት ከአሮጌው ሞተር ጋር ጎን ለጎን አስተያዩ፤ ቀዳዳው ካልገጠመ ሞተሩ ከወጣበት መኪና ላይ ያለውን አምጡ። ከላሜራ ተበይዶ የሚሠራ መያዣ በመንዘር ብዛት ይሰነጠቃል። ማርሚታው ላይ ደግሞ የ4ኢውን የፊት ቱቦ አፍ ቆርጦ በራሳችሁ ቱቦ ላይ መበየድ ይበቃል።

ብሎኑ ቀላሉ ሥራ ነው። መኪናው መንገድ ላይ የሚቆመው በነዳጅና በሽቦ ነው።

ካርቡራተር 0.3 ባር የማይሞላ ግፊት ነው የሚፈልገው፤ ኢንጀክሽን ወደ 3 ባር። የድሮውን የነዳጅ ጎማ እንዳለ ከተዋችሁት ትኩስ ሞተር ላይ ይፈነዳል፤ መኪና የሚቃጠለው በዚህ ነው። ከታንከሩ እስከ ሞተሩ ያለው ጎማ ሁሉ የኢንጀክሽን ጎማ ይሁን፣ ማሰሪያውም ጎማውን የማይቆርጥ ዓይነት። ውጭ የሚታሰር ኤሌክትሪክ ፓምፕ ከሆነ ከታንከሩ አጠገብ፣ ከነዳጁ ወለል ዝቅ ብሎ ይታሰር፤ መግፋት ይችላል፣ መሳብ ግን አይሆንለትም። ከፊቱ ወንፊት፣ ከኋላው የግፊት ፊልትሮ ይግባ። የመመለሻ ቱቦውን በአየር ንፉት፤ ከተዘጋ ግፊቱ ይጨምርና ሞተሩ ጥቁር ጭስ ያጨሳል። የካርቡራተር ታንከር ውስጡ ለኢንጀክሽን ፓምፕ ስላልተከፋፈለ፣ ነዳጁ ከሩብ በታች ሲሆን እንጦጦን በመሰለ ዳገት ላይ ፓምፑ አየር ይስባል። አንድ ሊትር የምትይዝ መካከለኛ ማጠራቀሚያ ብትገባ ይቀራል።

ፓምፑን በቀጥታ ከቁልፉ ማስነሣት የተለመደ ቢሆንም አደገኛ አቋራጭ ነው። መኪናው ተጋጭቶ ሞተሩ ቢጠፋም ፓምፑ ነዳጅ መርጨቱን አያቆምም። አብሮ የመጣውን ሪሌ ተጠቀሙ፤ ሞተሩ መዞር ሲያቆም ኮምፒውተሩ ራሱ ይቆርጠዋል።

ኮምፒውተሩ ከባትሪ በቀጥታ የማይቋረጥ ኤሌክትሪክ፣ ከዋናው ሪሌ በቁልፍ የሚመጣ ኤሌክትሪክ፣ ከሞተሪኖው የማስነሻ ምልክትና የቼክ ኢንጂን መብራት ያስፈልገዋል። መብራቱን "ለምን ያስፈልጋል" ብሎ የሚዘል ኤሌትሪሻን አለ፤ ያለ እሱ የብልሽት ኮዱን ማንበብ አይቻልም። የምድር ሽቦዎቹ ማኒፎልዱ ላይ ቀለሙ ተፍቆ በደንብ ይታሰሩ፣ ከሞተር ወደ ቦዲ ደግሞ ወፍራም ገመድ ይሂድ። እሱ ከተረሳ የሞተሪኖው ኤሌክትሪክ በጋዝ ገመዱ በኩል ይመለሳል፤ ገመዱ ግሎ ይጣበቃል።

ስለ ማቀዝቀዣው፦ አዲስ አበባ ላይ ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ክዳኑ ግፊት ከያዘ ግን የመፍያው ነጥብ ከ110 ያልፋል። ስለዚህ አዲስ የ0.9 ባር ክዳን ግዙ፤ "ክዳኑ ምንም አይደለም" የሚል ካለ አትስሙት። ቴርሞስታት አውጥቶ መጣልም ሞተሩ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ኮምፒውተሩ ነዳጅ እንዲጨምር ያደርጋል። የዚያ ዘመን ቶዮታ የፋን ስዊች ሲሞቅ የሚከፈት ነው፤ ቁልፉ በርቶ ሶኬቱን ስትነቅሉት ፋኑ መዞር አለበት። ተቃራኒውን ዓይነት ከገጠማችሁ ጠዋት በብርድ እየዞረ ቀትር ላይ ይቆማል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስነሡ 3 ሊትር ዘይት ሞልታችሁ ቀሪውን በዲፕስቲኩ ለኩ። የኢኤፍአይ (የኢንጀክሽኑን) ፊውዝ ነቅላችሁ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ሞተሩን በሞተሪኖ አዙሩ፤ ከዚያ ፊውዙን መልሱ። ሞተሩ ሲሞቅ የምርመራ ሶኬቱ ላይ ቲኢ1 የሚለውን ቀዳዳ ኢ1 ከሚለው ጋር በአጭር ሽቦ አገናኙና ቲይሚንጉን (ካንዴላው የሚያበራበትን ጊዜ) በቲይሚንግ መብራት 10 ዲግሪ ላይ አስተካክሉ። ሽቦውን ሳያገናኙ ማስተካከል ቲይሚንጉን ወደ ኋላ ያስቀረዋል፦ ዳገት ላይ ይደክማል፣ ይግላል።

በዚያው ሽቦ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ሲበራ፣ መብራቱ ኮድ ይቆጥራል። 12ና 13 ዲስትሪቢዩተሩ ምልክት አልላከም፤ 14 የኢግናይተር፤ 22 የውሃ ሙቀት ሴንሰር፤ 31 የማፕ ሴንሰር ወይም የተነቀለ ቀጭን ጎማ፤ 42 የፍጥነት ምልክት። 42 ካለ መኪናው መብራት ላይ ሲቆም ሊጠፋ ስለሚችል፣ የፍጥነት መለኪያው ገመድ ላይ የሚገባ ሴንሰር ይገጠም።

መጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትር ላይ ዘይቱና ፊልትሮው ይቀየር። የሞተር መያዣ ብሎኖች ዳግም ይጠበቁ፣ የነዳጅ ጎማው መጋጠሚያዎችም ሞተሩ እየሠራ በባትሪ መብራት አንድ በአንድ ይታዩ።