የምንረዳውን ቃል ወደ አፍና ወደ ብዕር ማምጣት

ደብረ ብርሃን ያደገ ወጣት፣ አንድ የመንዝ አዛውንት «ውርጩ ገብሱን መታው፤ የተረፈችውም ለዘር እንኳ አትበቃም፤ እንግዲህ መሸመት ነው» ሲሉ አንድም ቃል አያመልጠውም። ያንኑ ለጓደኛው ሲያወራ ግን «በጣም በርዶ ገብሱ ተበላሸ፤ እህል ሊገዙ ነው» ይላል። ውርጭን ያውቃል። ሸመታንም ያውቃል፤ «የሸማቾች ማኅበር» የሚል ጽሑፍ በየጊዜው ያነባል። ቃሎቹ ግን ከጆሮው አልፈው ወደ ምላሱ አልመጡም።

ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። ስንሰማ ቃሉ ተሰጥቶናል፤ ዙሪያው ያለው ንግግርም ያግዘናል፤ የሚጠበቅብን ማወቅ ብቻ ነው። ስንናገር በእጃችን ያለው ሐሳቡ ብቻ ነው። ቃሉን ፈልገን፣ በመደቡና በጊዜው አርብተን፣ ከሚስማማው ግሥ ጋር አጣምረን ወዲያው ማውጣት አለብን። አንዱን ሥራ መለማመድ ሌላውን በራሱ አያሳድገውም። ባትያ ላውፈር የተባሉ የቋንቋ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት እንግሊዝኛ የሚማሩ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ተማሪዎችን አነጻጽረው ነበር። በአንድ ዓመት ልዩነት የሚረዱት ቃል በደንብ ጨምሮ፣ በራሳቸው ጽሑፍ ውስጥ በነጻ የሚጠቀሙበት ግን አላደገም። «ብዙ አንብብ» የሚለው ምክር መልካም ቢሆንም ለዚህ ችግር ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ቃል መምረጥ ነው፤ መዝገበ ቃላት ከፍተው እንግዳ ቃል እንዳይለቅሙ። የሚፈልጉት አስቀድመው የሚያውቁትን ነው። ስልክዎ ላይ ድምፅ መቅጃውን ከፍተው ለ3 ደቂቃ ያለ ዝግጅት ይናገሩ። ጥሩ ርእስ የሚሆነው ብዙ ዓይነት ቃል የሚያስገድድ ነገር ነው። ለምሳሌ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማ በር በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደውን መንገድ ይግለጹ። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ 1,300 ሜትር ገደማ ወዳለው ቆላ ስለሚወርድ ብርዱን፣ ጉሙን፣ ገደሉን፣ ጠመዝማዛውን፣ ቁልቁለቱንና ወበቁን ሁሉ መጥራት ይጠይቃል።

ቀጥሎ የተናገሩትን ቃል በቃል ወደ ወረቀት ይገልብጡና ለሁሉም ነገር የሚያገለግሉትን ቃላት ያክብቡ፤ ነገር፣ አደረገ፣ ሆነ፣ በጣም፣ ትንሽ፣ ብዙ፣ ጥሩ፣ አሪፍ፣ ከዚያ። በእያንዳንዱ ክብ ላይ «ይህን በትክክል የሚጠራ ቃል ሰምቼ አላውቅም?» ብለው ይጠይቁ። «ትንሽ ዝናብ» ካፊያ ነበር። «ብዙ ዝናብ» ዶፍ ነበር። «በጣም ጨለማ» ድቅድቅ ይባላል። «መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም» ያሉት በሁለት ቃል «ጭር ብሏል» ሆኖ ያልቃል። ከዚህ ከ5 እስከ 7 ቃል ይውሰዱ፤ የሳምንቱ ድርሻ ይህ ነው። 20 ቃል የሚይዝ ሰው ሁሉንም በላይ በላዩ ነክቶ በሦስተኛው ሳምንት ይተወዋል።

አሁን ካርድ ይሠራሉ። የደብተር ወረቀት አራት ቦታ ተቀዶ በቂ ነው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ከፊት ቃሉን፣ ከኋላ ትርጉሙን ይጽፋል። እንዲህ ያለው ካርድ የሚያሠለጥነው ያንኑ ቀድሞ የሠለጠነውን ጆሮ ነው። ይገልብጡት። ከፊት ሁኔታውን ይጻፉ፤ ቃሉ ከኋላ ይሁን፦

ፊት፦ የቤቱ እህል አልቋል። አባወራው ገበያ ወጥቶ ሁለት ቁና ገብስ ይዞ ተመለሰ። ምን አደረገ?

ጀርባ፦ ሸመተ። ይሸምታል፣ ሸምቶ፣ እንዲሸምት፣ መሸመት፤ ሸመታ፣ ሸማች። እህል ይሸመታል፤ ጫማ ይገዛል።

ጀርባው ላይ ያሉት ሦስት ነገሮች አንዳቸውም አይቅሩ። የመጀመሪያው እርባታው ነው። የአማርኛ ግሥ በአንድ መልኩ የታወቀ ሆኖ በሌላው ሲያንገራግር ብዙ ጊዜ ይታያል። «በሬ ያበራያሉ» ሲባል የሚገባው ሰው «እስክናበራይ ድረስ» ማለት ሲኖርበት ምላሱ ይያዛል፤ ወዲያው «እስክንወቃ»ም ትቶ «እስክንጨርስ» ብሎ ያመልጣል። ስለዚህ አበራየ፣ ያበራያል፣ አበራይቶ፣ እንዲያበራይ፣ ማበራየት ብለው አምስቱንም ድምፅ አውጥተው ይበሉ፤ ከዚያ በ«እኔ» እና በ«እኛ» ይድገሙት። ቅርጹን ከተጠራጠሩ መዝገበ ቃላት ውስጥ ግሡን የሚያገኙት በሦስተኛ መደብ ወንድ ነጠላ በኃላፊ ጊዜ ነው፤ «እንሸምታለን»ን ሳይሆን «ሸመተ»ን ይፈልጉ።

ሁለተኛው «ጓደኛ ቃል» ነው፤ ከቃሉ ጋር ተጣምሮ የሚነገረው ማለት ነው፤ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ቃል ብቻውን አፍ ውስጥ አይቀመጥም። ውርጭ ይመታል። ጉም ይወርዳል፣ ይገፈፋል። ቆፈን እጅ ይይዛል። ዕቁብ ይጣላል፣ ይወጣል። ዋስ ይጠራል። በሬ ይጠመዳል፤ እርፍ ይጨበጣል። ፋታ ይሰጣል ወይም ይነሣል፤ ፋታን ብቻውን ያጠና ሰው «ፋታ አላደረገልኝም» ብሎ ይሳሳታል፤ «ፋታ ነሣኝ» ብሎ ያጠና ግን ሲቸኩልም አይስተውም። ስለዚህ ስም የሆነን ቃል ያለ ግሡ ካርድ ላይ አያስፍሩ።

ሦስተኛው ወሰኑ ነው፦ ቃሉ የት አይገባም? ዛሬ ሸመታ ለማንኛውም ግዢ ሲባል ይሰማል፤ በገበሬው አፍ ግን የእህል ነው። ሸሸ፣ ፈረጠጠና ኮበለለ ሦስቱም «ሄደ» ከሚለው ይሻላሉ፤ ግን አይወራረሱም። ከአደጋ የራቀ ሸሸ፤ ደንግጦ በሩጫ ያመለጠ ፈረጠጠ፤ ከቤቱ ወይም ከአሳዳሪው ተሰውሮ የወጣ ኮበለለ። ሰው ዝም ይላል፤ መንደር ጭር ይላል። ይህ ልዩነት ካርዱ ላይ ካልሰፈረ ቃሉ ከአፍ የወጣ ዕለት ሰሚ ይስቃል፤ ተናጋሪውም ሁለተኛ አይሞክረውም።

ካርዶቹን በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ30ኛው ቀን ይመልከቱ። ኸርማን ኢቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ስለ መርሳት ያሳተሙት ሥራ ከመጣ ወዲህ ተራርቆ መከለስ በአንድ ቀን ደጋግሞ ከመከለስ እንደሚሻል በብዙ ሙከራ ተረጋግጧል። ካርዱን ሳይገለብጡ ቃሉን አዲስ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብተው ጮክ ብለው ይናገሩ። በ5 ሰከንድ ካልመጣ ካርዱ ወደ 1ኛው ቀን ይመለሳል። በልብ ማሰብ አይቆጠርም።

ለንግግር የሚጠቅመው ልምምድ አንድን ነገር ሦስት ጊዜ ማውራት ነው፤ መጀመሪያ በ4፣ ቀጥሎ በ3፣ በመጨረሻ በ2 ደቂቃ፤ ከተቻለ ለሦስት የተለያዩ ሰዎች። ሦስት ቃል ብቻ መርጠው ይግቡ። በመጀመሪያው ዙር ቃሉ ተጎትቶ ይወጣል፤ ጊዜው ሲጠብ ማሰላሰያ ስለማይኖር ቃሉ ወይ በራሱ ይመጣል ወይ ይቀራል፤ የቀረው የትኛው እንደሆነም ያውቃሉ። ያፈረ ሰው መጀመሪያ በቴሌግራም መልእክት ይጀምር፤ ሲጽፉ ማሰቢያ ጊዜ አለ።

የቡና ሰዓት ከሽማግሌዎችና ከባልቴቶች ጋር ሲሆን ወደር የሌለው መለማመጃ ነው፤ አጠያየቁ ግን መታወቅ አለበት። «እማማ፣ አውድማ ማለት ምንድን ነው?» ቢሏቸው ትርጉም ለመስጠት ይቸገራሉ። «እማማ፣ እህሉ ከታጨደ ጀምሮ ጎተራ እስኪገባ ምን ምን ያደርጉ ነበር?» ይበሏቸው፤ ነዶው፣ ክምሩ፣ መንሹ፣ ላይዳው፣ እብቁ ሁሉ በየቦታው ከነግሡ ይመጣል። የሚቀዱት ቃሉን ብቻ ሳይሆን ሙሉ አነጋገራቸውን ነው። ቀጥለው እርስዎ መልሰው ይተርኩላቸውና ያርሙዎት።

በጽሑፍ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይለያል። መጀመሪያ ሐሳቡን እንደመጣልዎት ይጻፉ፤ ቃል እየፈለጉ ከጻፉ ሐሳቡ ይቆራረጣል። በሁለተኛው ንባብ ያርሙ። ይህ የመጀመሪያ ረቂቅ ነው እንበል፦ «የጅሩ ገበሬ ስንዴውን ካጨደ በኋላ አንድ ላይ አድርጎ አስቀመጠው፤ ከዚያ መሬቱን አዘጋጅቶ በበሬ አስረገጠው፤ ከዚያ ፍሬውን ከገለባው እንዲለይ አደረገ፤ ከዚያ ወደ ቤት ወሰደው።» ሲታረም፦ «የጅሩ ገበሬ ስንዴውን አጭዶ ነዶውን ከመረ፤ አውድማውን በእበት ለቅልቆ በበሬ አበራየ፤ ነፋስ ሲነሣ በመንሽ እያነሣ አነፈሰና ምርቱን ጎተራ አገባ።» ሦስቱም «ከዚያ» ጠፍተዋል፤ ግሦቹ ራሳቸው ቅደም ተከተሉን ስለያዙት አላስፈለጉም። ጽሑፉም አጠረ እንጂ አልተንዛዛም። እርማትዎ ጽሑፉን ካስረዘመው ወይ ቃሉ አልገባም፣ ወይ ለጌጥ ገብቷል።

ለጌጥ የገባ ቃል የሚታወቅበት ሌላም ምልክት አለ፤ ሲወጣ ትርጉሙ አይጎድልም። ገና በመለማመድ ላይ ያለ ሰው በአንድ ገጽ ከሦስት በላይ አዲስ ቃል አያስገባ። ቦታም ይታይ፤ «አሻፈረኝ አለ» ለወግ ያምራል፣ ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግን «ፈቃደኛ አልሆነም» ነው ተገቢው። የመንዝ ወይም የመርሐቤቴ ቃል ለሌላ አገር አንባቢ ሲቀርብ መጀመሪያ ሲጠቀስ ዙሪያው እንዲያስረዳው አድርጎ መጻፍ በቂ ነው፤ ማብራሪያ መደርደር አያስፈልግም።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ላሉና በሌላም ቦታ በእንግሊዝኛ ለሚማሩ፣ ዘዴው ያው ነው፤ ፊቱ ላይ ሁኔታው በአማርኛ ይጻፍ። ግን ጓደኛ ቃሉ ከአማርኛው አይቀዳ፤ «ስህተት ሠራ»ን ይዞ «ዱ» የሚል ተማሪ ይሳሳታል፤ እንግሊዝኛው «ሜክ ኤ ሚስቴክ» ነው።

በ4ኛው ሳምንት መጨረሻ ያንኑ የ3 ደቂቃ ርእስ ካርዶቹን ሳያዩ እንደገና ይቅዱ፤ ክቦቹንም ይቁጠሩ። ሳይፈልጉት ሁለት ጊዜ በራሱ ከአፍዎ የወጣ ቃል ካርዱ ይወገድ። ከ30 ቀን በኋላም አልወጣ ያለውን ያዩትና ጓደኛ ቃል እንዳለው ያረጋግጡ፤ ከሌለው ጨምረው እንደገና ይጀምሩት። ካለውና አሁንም ካልመጣ፣ ምናልባት በዕለት ኑሮዎ የሚጠሩበት ጉዳይ የለም፤ ይተዉትና ቦታውን ከአዲሱ ቅጂ ላይ ለከበቡት ቃል ይስጡት።