ውጤትን በጣት መቁጠር፦ የስቴፕ ፈተና ነጥብ ስንገምት የምንሳሳተው የት ላይ ነው?

ባለፈው ቅዳሜ አሞራ ገደል አሳ ልንበላ ቁጭ ብለን አንድ ወጣት ሐኪም ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። በአሜሪካ ሐኪም ሆኖ ለመሥራት ከሚያስፈልጉት የስቴፕ ፈቃድ ፈተናዎች አንዱን፣ ስቴፕ 2 ሲኬን፣ ከተፈተነ 10 ቀኑ ነው። «ተሳስቻለሁ» የሚላቸውን ጥያቄዎች በርዕስ በርዕሱ ጽፏቸዋል። 41 ደርሰዋል። «ዶክተር፣ በዚህ ሂሳብ ወድቄያለሁ አይደል?» አለኝ። አሳውን አልነካውም።

ይህን ጭንቀት አውቀዋለሁ። እኔም እዚሁ ሐዋሳ ሆኜ ውጤት ስጠብቅ ሌሊት እየተነሳሁ ወረቀት ላይ ስደምር ስቀንስ ነበር። ድምሩ ሁልጊዜ ወድቀሃል ይለኝ ነበር። አልፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ውጤት የሚጠብቁ ልጆች ሲያማክሩኝ የምሰማው ስሌት ተመሳሳይ ነው፤ ስህተቱም እንደዚያው።

ትዝ ያሉንን ስህተቶች መቁጠር

ስቴፕ 2 ሲኬ በአንድ ቀን እስከ 318 ጥያቄ አለው። ከፈተና ክፍል ስትወጡ ስንቱ ትዝ ይላችኋል? ጥቂቱ። እሱም ያስቸገራችሁ ነው። በደቂቃ ውስጥ መልሳችሁ ያለፋችሁት የሳንባ ምች ጥያቄ ጭራሽ ትዝ አይላችሁም። ማታ መጽሐፍ ገልጣችሁ የምታጣሩትም ያጠራጠራችሁን ብቻ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ ገና ሲጀመር ወደ መጥፎው ያጋደለ ነው።

ለልጁ አብረን እናስላ አልኩት። 41 ጥያቄ ከ318 ሲታይ 13 በመቶ እንኳ አይሞላም። ፊቱ ትንሽ ፈካ፤ ወዲያው ግን «የረሳኋቸውስ?» አለ። ትክክል ነው። ሳያውቁ የሚሳሳቱት ጥያቄ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። እርግጠኛ ሆናችሁ የመለሳችሁት ስህተት ሊሆን ይችላል፤ በግምት የነካችሁት ደግሞ ትክክል። ወረቀቱ ለመጽናናትም ለመደንገጥም አይሆንም።

በዚያ ላይ ከጥያቄዎቹ አንዳንዶቹ ነጥብ የላቸውም። ለወደፊት ፈተና ይሆኑ እንደሆነ ለመሞከር የገቡ ናቸው። የትኞቹ እንደሆኑ ለተፈታኝ አይነገርም። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳችሁ ያ ጥያቄ ምናልባት ከነጭራሹ አልተቆጠረም።

218ን ከመቶ ማንበብ

እኛ ነጥብ ሲባል ከመቶ ነው የምናስበው። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል። በስቴፕ ይህ ልማድ ያሳስታል። የስቴፕ 2 ሲኬ ማለፊያ ከጁላይ 2025 ጀምሮ 218 ነው፤ መለኪያው እስከ 300 ይሄዳል። ብዙ ልጆች 218ን ለ300 ያካፍሉና «73 በመቶ መመለስ አለብኝ» ብለው ይደነግጣሉ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። አዘጋጆቹ ራሳቸው የሚሉት ለማለፍ በተለምዶ 60 በመቶ ገደማ በትክክል መመለስ እንደሚያስፈልግ ነው። እሱም ቢሆን ፈተናው በመጣበት ቅጂ ይወሰናል።

ለምን በቅጂ ይወሰናል? ሁላችሁም አንድ ዓይነት ጥያቄ አይደርሳችሁም። ስለዚህ የቅጂዎቹ ክብደት በስሌት ይስተካከላል። ከበድ ያለ ቅጂ የደረሰው ተፈታኝ ትንሽ ያነሰ ጥያቄ መልሶ ቀለል ያለ ከደረሰው ጋር እኩል ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። ታቦር ተራራን በቀጥታው አቀበት የወጣና ዞሮ የወጣ ሰው የእርምጃቸው ቁጥር አይገጥምም፤ የደረሱበት ከፍታ ግን አንድ ነው። ፈተናው የሚለካው ከፍታውን ነው። ስለዚህ «የኔ ፈተና ከበደ፣ ዕድሌ ነው» ማለት አያስኬድም። «ቀለለኝ፣ አለፍኩ» ማለትም እንዲሁ።

ከጓደኛ ጋር የምንሻማ መምሰል

አንዲት ጎበዝ ልጅ «በዚህ ወር የተፈተኑት ሁሉ ጎበዞች ናቸው፤ ማለፊያው ይወጣብኛል» ብላ ቀጠሮዋን ልታራዝም ነበር። ማለፊያው ግን ከፈተናው በፊት የተቆረጠ ነው፤ አብሯችሁ በተፈተነ ሰው ጉብዝና አይወጣም አይወርድም። የፈቃድ ፈተና ጥያቄው «ይህ ሐኪም በሽተኛ ቢሰጠው ይበቃል ወይ?» ነው። በዚህ ዓይነት ፈተና በሰፊው የሚሠራበት አንጎፍ የሚባል ዘዴ አለ፤ ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞች የሚወስዱት የእንግሊዙ ፕላብ 1 ፈተናም ይጠቀምበታል። ባለሙያዎች ይሰበሰባሉ። እያንዳንዱን ጥያቄ ያነባሉ። «ለጥቂት ብቁ የሆነ ሐኪም ይህን የመመለስ ዕድሉ ስንት ነው?» ብለው ይገምታሉ። የዚያ ድምርና አማካይ ማለፊያውን ይሰጣል። ጓደኛችሁ ቢያልፍ ከእናንተ የሚቀንሰው ነገር የለም። አብራችሁ አጥኑ።

ባዶ መተው

ለስህተት ነጥብ አይቀነስም። ሰዓት ሊያልቅ ሲል ቀሪውን ሁሉ ንኩት።

ያረጀ ሰንጠረዥ

ቴሌግራም ላይ «ይህን ያህል ከተሳሳትክ ይህን ታገኛለህ» የሚል ሰንጠረዥ ይዞራል። መጀመሪያ የወጣበትን ዓመት እዩ። የስቴፕ 2 ሲኬ ማለፊያ እስከ 2022 አጋማሽ 209 ነበር፤ ከዚያ 214 ሆነ፤ አሁን 218 ነው። ስቴፕ 1 ደግሞ ከጃንዋሪ 26፣ 2022 ጀምሮ ነጥብ አይሰጥም፤ አለፈ ወይም ወደቀ ብቻ ነው። የስቴፕ 1 ነጥብ እንገምትልሃለን የሚል ሰው ለእናንተ የማይደርስ ቁጥር ነው የሚሸጥላችሁ።

ከሁሉም የሚሻለው መገመቻ ኤንቢኤምኢ የሚባለው የፈተናው አዘጋጅ ድርጅት የሚያወጣው የልምምድ ፈተና ነው። እሱንም እናበላሸዋለን። ከሁለት ወር በፊት የወሰድነውን እንይዛለን። ቀድሞ ያየነውን ጥያቄ ደግመን ሠርተን «ጨመርኩ» እንላለን። ከአራቱ አንዱ ጥሩ ከሆነ ሦስቱን እንረሳለን። ለፈተናው ቅርብ ሆናችሁ፣ ያላያችሁትን ቅጽ፣ በሰዓቱ፣ ስልክ አጥፍታችሁ ሥሩ። የሚመጣውን ቁጥር ደግሞ ጥቂት ወደላይም ወደታችም ሊል የሚችል አድርጋችሁ ውሰዱት።

ለመገመት ብሎ ጥያቄ መለዋወጥ

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ልጆቹ ክፉ አስበው አይደለም። ከፈተና ወጥተው ግሩፕ ላይ «ያቺ ነፍሰ ጡር ሴት የመጣችበትን ምን አላችሁት?» ይላሉ። ይህ የፈተናውን ይዘት ማውጣት ነው፤ ስትመዘገቡ ላታደርጉት ተስማምታችኋል። በ2024 መጀመሪያ ላይ ከኔፓል ጋር የተያያዙ ተፈታኞች ውጤት አጠራጣሪ ሆኖ ተገኝቶ ተሰርዟል፤ ዳግም እንዲፈተኑ ተደርጓል። የዓመታት ልፋት ነው የተንጠለጠለው። ለአንድ ሌሊት ማጽናኛ ብላችሁ ስማችሁን እዚያ ውስጥ አታስገቡ። ግሩፑ ላይ ሲጀመር ካያችሁም ውጡ።

በግምት መወሰን

አንድን የስቴፕ ፈተና መውሰድ የሚቻለው 4 ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ጭንቀቱ ይገባኛል። ግን በወረቀት ስሌት ተነስተው ሥራ የለቀቁ፣ ለቤተሰብ «ወድቄያለሁ» ብለው እናታቸውን ያስለቀሱ፣ የሪዚደንሲ (የስፔሻሊቲ ሥልጠና) ማመልከቻ የተዉ ልጆች አውቃለሁ። ውጤት በአብዛኛው በአራት ሳምንት ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ረቡዕ ቀን ይወጣል። እስከዚያ ምንም አትወስኑ።

ልጁ ወረቀቱን አጥፎ መልሶ ኪሱ ከተተው። እንዲቀደው አልጠየቅኩትም። የጠየቅኩት ቀጣዮቹን ረቡዖች የት እንደሚያድር ነው። አንዱን ረቡዕ ድንገተኛ ክፍል ዲዩቲ አለበት። እዚያ ሆኖ ስልኩን በየደቂቃው ሲያይ እንዳይውል ከሌላ ሐኪም ጋር እንዲቀያየር ነገርኩት። ደወለ፤ ተቀየረለት። ከዚያ አሳውን በላ።