ትንሽ አውሮፕላን በዋሽንግተን ዙሪያ፦ ሕጉ የሚለውና እኔ የምለው

«ፓይለት» ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ባለ አራት መስመር ካፒቴን ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ነርሷም፣ የአይቲ ሠራተኛውም፣ ኡበር የሚነዳውም ቅዳሜ ጠዋት ሴስና የምትባል ትንሽ አውሮፕላን ተከራይቶ፣ የሸናንዶዋን ተራሮች ከላይ አይቶ፣ ለምሳ ቤቱ ይገባል። ይህ ጽሑፍ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ለምትኖሩ፣ ለመዝናናት ያህል ማብረር ለሚያምራችሁ ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁ የዋሽንግተኑን ክፍል ዝለሉት፤ የቀረው ለእናንተም ይሆናል፣ ሕጉ የፌደራል ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ሕጉ የሚያስቀምጠው ዝቅተኛውን ነው። አንድም ደንብ ሳይጥሱ የሞቱ ሰዎች አሉ። ስለዚህ የሕጉን ቁጥር ስነግራችሁ አጠገቡ የራሴን አስቀምጣለሁ። የራሴ ሁልጊዜ ጠበቅ ይላል።

ፈቃድና ወረቀት

ለመዝናናት ዋናዎቹ ፈቃዶች ሁለት ናቸው። ስፖርት ፓይለት ቢያንስ 20 ሰዓት በረራ ይጠይቃል፤ 15ቱ ከአስተማሪ ጋር፣ 5ቱ ለብቻ። ፕራይቬት ፓይለት ቢያንስ 40 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ውስጥ 20 ከአስተማሪ ጋር፣ 10 ለብቻ መሆን አለበት። በዝቅተኛው ሰዓት የሚጨርስ ሰው ብርቅ ነው። ለፕራይቬት ከ60 እስከ 70 ሰዓት ብላችሁ በጀት ያዙ። ገንዘብ አልቆበት ለወራት ያቋረጠ ተማሪ ሲመለስ የረሳውን እንደገና ከፍሎ ነው የሚማረው። መጀመሪያ ብሩን አጠራቅሙ፣ ከዚያ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ብረሩ።

ስፖርት ፓይለት ድሮ በጣም ትንንሽ ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላኖች ላይ የተወሰነ ነበር። ኤፍኤኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን) በ2025 ደንቡን አሻሽሎ መለኪያውን ከክብደት ወደ ስቶል ፍጥነት፣ ማለትም ክንፉ አውሮፕላኑን መያዝ ወደሚያቅተው ዝቅተኛ ፍጥነት፣ ቀየረው። ከኦክቶበር 22 ቀን 2025 ጀምሮ ሴስና 172ን የመሳሰሉ ባለ አራት መቀመጫዎችም ገብተዋል። መቀመጫው አራት ቢሆንም ግን የምትጭኑት አንድ ተሳፋሪ ብቻ ነው። ቤተሰብ ይዤ እበራለሁ የሚል ሰው ፕራይቬቱን ይያዝ።

ለብቻ ለመብረር 16፣ ለፈቃዱ 17 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። እንግሊዝኛ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገርና መረዳት ግዴታ ነው። አክሰንት ማንንም አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው ሳይገባችሁ «ሮጀር» (ሰምቻለሁ) ማለታችሁ ነው፤ እኛ ደግሞ ይሉኝታ አለብን፣ ሁለቴ መጠየቅ ያሳፍረናል። «ሴይ አጌን» በሉ። የኤርፖርቱ መቆጣጠሪያ ታወር ላይ ያለው ሰው ሥራው ነው፣ አሥር ጊዜም ይደግምላችኋል።

የአሜሪካ ዜጋ ከሆናችሁ ፓስፖርታችሁን ለትምህርት ቤቱ ታሳያላችሁ፣ አለቀ። ዜጋ ካልሆናችሁ፣ ግሪን ካርድ ቢኖራችሁም ጭምር፣ ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት የቲኤስኤን (የትራንስፖርት ደህንነት መሥሪያ ቤቱን) ማጣሪያ ማለፍ አለባችሁ። አሻራ አለበት፣ ክፍያ አለበት፣ ጊዜም ይወስዳል። «ግሪን ካርድ ካለህ ችግር የለም» የሚል ወሬ ብትሰሙ አትመኑት።

ሕክምናው፦ ተጠንቀቁ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ለፕራይቬት ፓይለት ከኤፍኤኤ ሐኪም የሦስተኛ ደረጃ ሜዲካል (የጤና ማረጋገጫ) ያስፈልጋል። ለስፖርት ፓይለት ግን የመንጃ ፈቃድ ይበቃል፣ በቀን እስከበረራችሁ ድረስ። ጉዱ ያለው ቀጥሎ ነው፤ ሜዲካል አመልክታችሁ ከተከለከላችሁ በመንጃ ፈቃድ የመብረሩ መንገድም ይዘጋባችኋል። ያላመለከተ ሰው ይበራል፣ አመልክቶ የተከለከለ አይበርም። ስለዚህ ስኳር፣ የልብ ነገር፣ የእንቅልፍ አፕኒያ፣ የድብርት መድኃኒት ካለባችሁ ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት ከኤፍኤኤ ሐኪም ጋር ለምክር ብቻ ተቀመጡ። ፎርሙ ላይ መዋሸት ደግሞ የፌደራል ወንጀል ነው፣ እሱን አታስቡት።

መጠጥን በተመለከተ ሕጉ ከጠጣችሁ 8 ሰዓት እስኪያልፍ፣ የደም አልኮላችሁም ከ0.04 በታች እስኪሆን ይላል። የኔ ቁጥር 24 ሰዓት ነው። ቅዳሜ ሠርግ ካለ እሁድ አይበረርም። የአለርጂ መድኃኒትም ቀላል አይደለም። በቨርጂኒያ የጸደይ ብናኝ ሁላችንም እንሠቃያለን፣ ግን ቤናድሪል ከወሰዳችሁ ኤፍኤኤ የሚመክረው 60 ሰዓት መጠበቅ ነው። ሁለት ቀን ተኩል ማለት ነው!

የዋሽንግተን ሰማይ

እዚህ አካባቢ መብረር ከሌላው አሜሪካ ይለያል። ከሬገን ኤርፖርት ጀምሮ ወደ 30 ኖቲካል ማይል ገደማ ያለው ክብ ልዩ ደንብ የሚሠራበት ነው፤ ፓይለቶች በእንግሊዝኛው ምህጻር (SFRA) «ስፍራ» ይሉታል። ጌይዘርስበርግ፣ ማናሳስና ሊዝበርግ ያሉት ኤርፖርቶች ክቡ ውስጥ ናቸው። ፍሬደሪክ ውጭ ነው። ለጀማሪ ፍሬደሪክ ይቀላል ባይ ነኝ፣ መንዳቱ ቢርቅም።

ክቡ ውስጥ ለመብረር አስቀድማችሁ ለዚያ የተለየውን የበረራ ዕቅድ ታስገባላችሁ፣ ፖቶማክ አፕሮች የተባሉትን የአካባቢውን የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች በሬዲዮ ታገኛላችሁ፣ የሚሰጧችሁን ኮድ ትራንስፖንደሩ (ማንነታችሁን ለራዳር የሚናገረው መሣሪያ) ላይ ታስገባላችሁ፤ ኮዱ ሳይሰጣችሁ ድንበሩን አትሻገሩም። ሌላ ቦታ በእይታ ስትበሩ የለመዳችሁት 1200 የሚባለው ኮድ እዚህ ውስጥ አይሠራም። እሱን አስገብቶ የገባ ሰው ስልክ ቁጥር ተሰጥቶት «ስታርፍ ደውል» ይባላል፤ ከከፋ ደግሞ አጠገቡ ተዋጊ ጄት ያያል። ከመሬት ቀይ ቀይ አረንጓዴ የሆነ የሌዘር ብርሃን ካበሩባችሁ ወደ እናንተ ነው የሚሉት፤ ወዲያውኑ ከክቡ መሃል ራቁና በድንገተኛው የሬዲዮ ሞገድ፣ በ121.5፣ ተናገሩ።

በ60 ኖቲካል ማይል ውስጥ በእይታ (በመሣሪያ ሳይሆን ውጭ እያየ) ለሚበር ሁሉ ደግሞ ነፃ የኦንላይን ሥልጠና አለ፤ ግዴታ ነው። ጨርሳችሁ ሰርተፍኬቱን አትሙና ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር። ብዙዎች የማያውቁት ሌላ ነገር፦ ይሄ የስፍራ ዕቅድ ለደህንነት ሰዎች እንጂ ለፍለጋና ለማዳን አይደለም። ብትወድቁ ማንም በእሱ አይፈልጋችሁም። የት እንደምትሄዱና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ አንድ ሰው ምድር ላይ ይወቅ።

ከፍሬደሪክ በስተሰሜን ካምፕ ዴቪድ አለ። ፕሬዝዳንቱ እዚያ ሲሄዱ የተከለከለው ክልል ይሰፋል። ትናንት የበረራችሁበት መስመር ዛሬ ዝግ ሊሆን ስለሚችል ሁልጊዜ ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት የኤፍኤኤን የበረራ ማስታወቂያዎች ተመልከቱ።

አውሮፕላኑን በእጅ ማየት

የምትከራዩትን አውሮፕላን የጥገና ደብተር ጠይቁ። ዓመታዊ ምርመራው ካለፈ 12 ወር መሙላት የለበትም፤ ማስተማሪያ ከሆነ በየ100 ሰዓቱም ይመረመራል። ትራንስፖንደሩ በየ24 ወሩ ይፈተሻል። ደብተሩን አሳይ ሲባል የሚያጉረመርም አከራይ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ከዚያ ነዳጁ። አዲሶቹ 172ዎች ከታች 13 ቦታ ላይ የነዳጅ መቅጃ አላቸው፤ በየክንፉ አምስት፣ ሆዱ ሥር ሦስት። ከሁሉም በናሙና መውሰጃ ብርጭቆዋ ትቀዳላችሁ። አውሮፕላን ቤንዚን ሰማያዊ ነው። ውሃ ካለበት ከታች እንደ ዶቃ ድብልብል ብሎ ይቀመጣል። ግን ልብ በሉ፤ ብርጭቆው ሙሉ በሙሉ ውሃ ከሆነ ዶቃ የሚባል ነገር አታዩም፣ ጥርት ያለ ሆኖ ነው የሚታየው። ስለዚህ ነጭ ነገር ላይ አስጠግታችሁ ቀለሙን እዩ፣ አሽትቱት። ብርድ ላይ ጓንት አውልቆ ይህን መሥራት ያስጠላል፤ ሰው ሁለቱን ቀድቶ ሌላውን የሚዘለውም በዚህ ነው።

መጠኑን በጌጁ አትመኑ። ክንፉ ላይ ውጡና በመለኪያ ዘንግ ለኩ። በሕጉ መሠረት በቀን ለ30 ደቂቃ፣ በሌሊት ለ45 ደቂቃ የሚበቃ ትርፍ ነዳጅ መያዝ አለባችሁ። የኔ ቁጥር ሙሉ አንድ ሰዓት ነው፣ ቀንም ሌሊትም።

ክብደት ላይ ደግሞ ሐበሻ ይቸገራል። አንድ 172 ኤስ ሲነሳ 2,550 ፓውንድ ነው ጣሪያው፤ ከራሱ ክብደት በላይ የሚጭነው ከ850 እስከ 900 ፓውንድ ገደማ ነው። ነዳጅ ሙሉ ሲሆን ለበረራ የሚያገለግለው 53 ጋሎን ነው፣ ጋሎኑ 6 ፓውንድ፣ በድምሩ 318። አራት ትልልቅ ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው 190 ቢሆኑ፣ 760። ደምሩት፤ 1,078። አይነሳም፤ ቢነሳም ዛፉን አያልፍም። አራት መቀመጫ አለው ማለት አራት ሰው ይጭናል ማለት አይደለም። ሰው ደግሞ ክብደቱን ሲጠየቅ ሃያ ፓውንድ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። ያኮረፈ ያኩርፍ።

ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል። ራንዌዩ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ጫማ ላይ ቢሆንም የጁላይ 35 ዲግሪ ሙቀት ላይ አውሮፕላኑ 3,000 ጫማ ላይ እንዳለ ነው የሚሆነው፤ ሞተሩም ክንፉም ይደክማሉ። ቦሌ ወደ 7,600 ጫማ ላይ ነው፤ እዚያ 25 ዲግሪ ሲሆን አየሩ ከ10,000 ጫማ በላይ እንዳለ ይቆጠራል። ከአዲስ አበባ መነሳት ለምን ረጅም ሩጫ እንደሚፈልግ አሁን ገባችሁ። የመነሻ ሰንጠረዡ ላይ የምታገኙት ቁጥር አዲስ አውሮፕላን በፈተና ፓይለት ሲበር የተለካ ነው። እኔ 50 በመቶ እጨምርበታለሁ።

የሚገድለው

አየር ሁኔታ ነው፣ በተለይ መሣሪያ ለማንበብ ያልሠለጠነ ሰው ደመና ውስጥ ወይም ጭጋግ ውስጥ ሲገባ። ጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን ይዋሻል። እየተጠማዘዛችሁ ቀጥ ብላችሁ የምትበሩ ይመስላችኋል።

ጁላይ 16 ቀን 1999 ጆን ኤፍ. ኬኔዲ ጁኒየር ባለቤቱንና እህቷን ይዞ ከኒው ጀርሲ ወደ ማርታስ ቪንያርድ ሲበር ባሕር ውስጥ ወደቀ። መርማሪዎቹ ያሉት፣ ሌሊት፣ ባሕር ላይ፣ ጭጋግ ውስጥ አቅጣጫ ጠፍቶበት መቆጣጠር አቃተው ነው። የመሣሪያ በረራ ፈቃድ አልነበረውም። አየሩ ግን በሕጉ መሠረት በእይታ ለመብረር የሚፈቅድ ነበር። ሕጋዊ መሆን ያላዳነው ሰው ማለት ይሄ ነው።

በአብዛኛው የምትበሩበት ክልል ውስጥ ሕጉ የ3 ማይል እይታ ይበቃል ይላል፤ ከደመናው በታች 500፣ በላይ 1,000፣ በጎን 2,000 ጫማ ርቀት ጠብቃችሁ። የዋሽንግተን የነሐሴ ጭጋግ ውስጥ 3 ማይል ምንም ነው። ለመጀመሪያው ዓመት 6 ማይልና የ3,000 ጫማ የደመና ጣሪያ ያዙ፣ ሌሊት ላይ ደግሞ ጨምሩበት። በበጋ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ስለሚነሳ ጠዋት በሩና ቶሎ ተመለሱ። ነጎድጓድ ካያችሁ 20 ማይል ራቁ።

ሁለተኛው ገዳይ ለማረፍ የሚደረገው የመጨረሻው መታጠፊያ ነው። ነፋስ ይገፋችሁና የራንዌዩን መስመር ታልፉታላችሁ። እጅ የበለጠ ማዘንበል ይፈራል፣ እግር ደግሞ ራደሩን (የጭራውን መሪ ፔዳል) ረግጦ አፍንጫውን ለመመለስ ይሞክራል፣ አፍንጫው ዝቅ ሲል መሪውን ወደ ራስ መሳብ ይመጣል። በዚያች ሰከንድ አንደኛው ክንፍ ስቶል ያደርግና አውሮፕላኑ ይገለበጣል። ከፍታው ጥቂት መቶ ጫማ ስለሆነ መመለሻ የለም። መስመሩን ካለፋችሁት ጋዝ ሰጥታችሁ ቀጥ አድርጉት፣ ውጡና እንደገና ዙሩ። ታወሩም፣ ከኋላ ያለውም አውሮፕላን ይጠብቃል።

ሰው መጫንና ገንዘብ

ተሳፋሪ ለመጫን ባለፉት 90 ቀናት ሦስት መነሳትና ሦስት ማረፍ ያስፈልጋል። በየ24 ወሩም ከአስተማሪ ጋር የክለሳ በረራ አለ። የኔ ቁጥር 30 ቀን ነው፤ ወር ካለፈኝ ሰው ሳልጭን መጀመሪያ ብቻዬን ወጥቼ አርፋለሁ።

በየዓመቱ ጁላይ ላይ የሐበሻ የእግር ኳስ ውድድር ሲደርስ አንድ ጥያቄ ይመጣል፤ «እኔና ጓደኛዬን ውሰደን፣ ቤንዚኑን እንሸፍናለን።» ተጠንቀቁ። የፕራይቬት ፈቃድ የነዳጅ፣ የዘይት፣ የኤርፖርትና የኪራይ ወጪን መካፈል ይፈቅዳል፤ ግን እናንተም ድርሻችሁን ሙሉ መክፈል አለባችሁ። ሦስት ከሆናችሁ ቢያንስ ሲሶው የእናንተ ነው። ጉዞውም የእናንተም ጉዳይ መሆን አለበት፤ ኳሱን እናንተም ለማየት ከሄዳችሁ ጥሩ፣ እነሱን አድርሳችሁ ለመመለስ ከሆነ ታክሲ ሆናችኋል። ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም ላይ «ሁለት ቦታ አለኝ» ብሎ መለጠፍ ደግሞ ያለ ፈቃድ ንግድ ነው። አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱም ላይከፍል ይችላል። ስለ ኢንሹራንስ ካነሳን፣ የትምህርት ቤቱ ፖሊሲ በአብዛኛው የሚጠብቀው ትምህርት ቤቱን ነው፤ የተከራይ ኢንሹራንስ ለብቻ ግዙ።

ብዙ ከበረራችሁ አንድ ቀን ሳታውቁ የሆነ ድንበር መጣሳችሁ አይቀርም። ያኔ በ10 ቀን ውስጥ ለናሳ የበረራ ደህንነት ሪፖርት ላኩ። ሆን ተብሎ ወይም በወንጀል ያልተደረገ ከሆነ፣ አደጋ ካልደረሰ፣ ባለፉት አምስት ዓመታትም ጥፋት ካልተገኘባችሁ፣ ኤፍኤኤ ጥፋተኛ ቢላችሁም ቅጣቱ ይቀርላችኋል። ኦንላይን ነው የሚሞላው፣ ነፃ ነው። የደረሰበትን ማረጋገጫ ቁጥር አስቀምጡ።