ከወንድሜ ጋር በአንድ ጠረጴዛ፦ የካቶሊክንና የወንጌላውያንን እምነት ማነጻጸር ለምትፈልጉ

አባዬ ያረፈበት ዓመት ሲሞላ ሆሳዕና ከተማ የሙት ዓመት ቅዳሴ አስደረግንለት። ወንድሜ እማዬን ደግፎ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር አደረሳት። ከዚያ ግን አልገባም። ቅዳሴው እስኪያልቅ ግቢው ውስጥ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ቆሞ ጠበቀን። እማዬ መቁጠሪያዋን ጣቷ ላይ ጠምጥማ፣ ዞር ዞር እያለች በሩን ታይ ነበር።

ማታ ተጣላን። «ለገዛ አባትህ መጸለይ እንዴት ይከብድሃል?» አልኩት። «አባዬ ጌታ ጋ ነው። እዚያ ለደረሰ ሰው ምን ብዬ ልጸልይ?» አለኝ። ሁለታችንም እያለቀስን ነበር።

እኛ የተወለድነው ካቶሊክ ቤት ነው። ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለ ጌታን ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ስንከራከር ኖረናል። ያን ቀን ማታ ግን አንድ ነገር ገባኝ። እሱ የኔን ቤተ ክርስቲያን ትምህርት በደንብ አያውቅም፣ እኔም የሱን አላውቅም። ስንከራከር የኖርነው አንዳችን ሌላው ያላለውን እያልንለት ነው።

አሁን ሁለታችንም አዲስ አበባ ነን። አራት ዓመት ሊሆነን ነው፣ እሑድ ከምሳ በኋላ ቡና ተፈልቶ፣ ሁለት መጽሐፍ ቅዱስና አንድ ደብተር ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። እንደኛ ያለ ቤት ሞልቷል። በተለይ ደቡብ ውስጥ ካቶሊክና ወንጌላዊ አብሮ የሚበላበት ቤተሰብ ብዙ ነው። ስለዚህ የሠራልንን ልንገራችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ማን እንደተቀመጠ ለዩ

ወንድሜ መጀመሪያ ያነሳቸው ክርክሮች ግማሾቹ እኔን አይመለከቱም ነበር። ስለ 81 መጻሕፍት፣ ስለ ገድልና ድርሳን ነበር የሚጠይቀኝ። እነዚህ ከኦርቶዶክስ ጋር የሚደረግ ውይይት ናቸው። አገራችን ውስጥ ካቶሊክ ቁጥሩ ትንሽ ነው። በ2007ቱ የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንት 18.6 በመቶ ሲሆን ካቶሊክ 0.7 በመቶ ብቻ ነበር። ስለዚህ ብዙ ሰው ካቶሊክን «ሮም ያለ ኦርቶዶክስ» አድርጎ ያስባል። አዲስ አበባ የግእዝ ሥርዓት ያለው የካቶሊክ ቅዳሴ ላይ ከገባችሁ ይህ ግምት ይባስ ይጠነክራል፤ ዜማው አንድ ይመስላል። ሆሳዕና ግን ያደግንበት ሥርዓት የላቲን ነው። እምነቱ አንድ፣ ሥርዓቱ ሁለት ነው።

እኔም በበኩሌ ሁሉንም «ጴንጤ» ብዬ በአንድ ከረጢት ከትቼ ነበር። መካነ ኢየሱስ ሉተራዊት ናት፤ በ1530 የተጻፈውን የአውግስበርግ የእምነት መግለጫ ትቀበላለች፣ ሕጻናትንም ታጠምቃለች። ቃለ ሕይወት የምታጠምቀው አምኖ የመሰከረን ሰው ነው። ሙሉ ወንጌል ጴንጤቆስጤያዊት ናት፤ በልሳን መጸለይ እዚያ ትልቅ ቦታ አለው። «ወንጌላውያን እንዲህ ያምናሉ» ከማለታችሁ በፊት የትኞቹ እንደሆኑ ጠይቁ። «ጴንጤ» የሚለውንም ቃል ሰውየው ራሱ ካልተጠቀመበት አትጀምሩት። ስድብ ሆኖ የኖረ ቃል ነው፤ ዛሬም የሚያመው ሰው አለ።

ሌላው ትልቁ ስሕተት ሚዛኑ ነው። የራሳችንን ከመጽሐፍ፣ የሌላውን ከመንገድ እናመጣለን። እኔ የቤተ ክርስቲያኔን ጉባኤ ጠቅሼ እሱን ቴሌቪዥን ላይ ስላየሁት «ነቢይ» እጠይቀው ነበር። እሱ ደግሞ የእምነት መግለጫቸውን ይዞ፣ ሰክሮ ስለሚውለው ካቶሊክ ጎረቤታችን ይጠይቀኛል። ይህ ማነጻጸር አይደለም። መጽሐፍን ከመጽሐፍ፣ ኑሮን ከኑሮ ጋር አስተያዩ። ለካቶሊኩ በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ አለ። ወንጌላውያን ሁሉ የሚስማሙበት እንዲህ ያለ አንድ መጽሐፍ የላቸውም። ስለዚህ የዚያችን ቤተ ክርስቲያን የእምነት መግለጫ ጠይቃችሁ ውሰዱ።

ቃሉ አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት

ደብተራችን ሦስት ዓምድ አለው። አንደኛው አብረን የምናምነው። ሁለተኛው ቃሉ አንድ ሆኖ ትርጉሙ የሚለያየው። ሦስተኛው በእውነት የምንለያይበት። አንደኛው ዓምድ በሁለት እሑድ ሞላ፦ ሥላሴ፣ ክርስቶስ አምላክም ሰውም መሆኑ፣ ከድንግል መወለዱ፣ መስቀሉ፣ ትንሣኤው፣ ዳግም ምጽአቱ። እማዬ ይህን ዝርዝር ሳነብላት «ታዲያ ምን ቀራችሁ?» አለች።

የቀረው ብዙ ነው። ብዙ ጊዜ የወሰደብን ሁለተኛው ዓምድ ሆነ። «ድነሻል?» የሚለውን ጥያቄ ውሰዱ። ወንድሜ ሲጠይቀኝ «ያመንሽበት ቀን አለ ወይ? በክርስቶስ ሥራ ብቻ ተማምነሽ ጸድቀሻል ወይ?» ማለቱ ነው። እኔ ስሰማው «መንግሥተ ሰማያት መግባትሽን አረጋግጠሻል?» ያለኝ ይመስለኛል። ስለዚህ «እሱን እግዚአብሔር ያውቃል» እላለሁ። እሱ ደግሞ ይህን ሲሰማ «በሥራዋ ልትድን እየሞከረች ነው» ብሎ ያዝናል።

ካቶሊኩ የሚለው እንዲህ ነው። ጽድቅ በጥምቀት ይጀምራል፤ ጀማሪው የእግዚአብሔር ጸጋ ነው። በፍቅርና በመልካም ሥራ ያድጋል። በከባድ ኃጢአት ሊጠፋ ይችላል፤ በንስሐ ይመለሳል። ስለዚህ ድኛለሁም፣ እየዳንኩም ነው፣ በተስፋ እድናለሁም እላለሁ። የወንድሜ ቤተ ክርስቲያን የምትለው፦ ጽድቅ እግዚአብሔር በእምነት አንዴ የሚሰጠው ፍርድ ነው። ሥራ ፍሬው ነው እንጂ ሥሩ አይደለም። ያላፈራ ዛፍ ደግሞ መጀመሪያም ሕይወት አልነበረውም።

አንድ እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያኔ ለሉተርና ለተሐድሶው መልስ የሰጠችበት የትሬንት ጉባኤ በ1547 ስለ ጽድቅ ያወጣውን ውሳኔ አመጣሁ። የመጀመሪያው ውግዘት ማንን እንደሚያወግዝ ታውቃላችሁ? ሰው ያለ እግዚአብሔር ጸጋ በራሱ ሥራ ሊጸድቅ ይችላል የሚለውን። ወንድሜ ሁለቴ አነበበው። «ይሄማ የኛ ስብከት ነው» አለ። ከዚያ ዘጠነኛውንም አነበብኩለት፤ እሱ ደግሞ በእምነት ብቻ የሚለውን ያወግዛል። መዝለል ይቻል ነበር። ግን የሚመቸውን ብቻ አውጥቶ የማይመቸውን መደበቅ ውሸት ነው፤ ወንድሜም አንድ ቀን ያገኘዋል።

ኤፌሶን 2ን ስታነቡ ቁጥር 9 ላይ አታቁሙ፤ 10ን ጨምሩ። ያዕቆብ 2፥24ን የምታነቡም ሮሜ 3፥28ን አብራችሁ ክፈቱ። እኛ ቤት ደንብ ነው፤ ጥቅስ ያመጣ ሰው ለሌላው ወገን የሚመቸውንም ያመጣል። አንድ ነገር ጨምራችሁ እወቁ። በ1999 አውግስበርግ ላይ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ስለ ጽድቅ የጋራ መግለጫ ፈርመዋል። መካነ ኢየሱስ የዚህ ፌዴሬሽን አባል ናት። ልዩነቱ ሁሉ አላለቀም፤ የወንድሜ ቤተ ክርስቲያንም አልፈረመችም። ግን 450 ዓመት የተወጋገዙ ሰዎች ተቀምጠው ይህን ያህል መድረሳቸው ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

«ጸሎት» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። ለወንድሜ ጸሎት አምልኮ ነው፤ ስለዚህ ወደ ማርያም መጸለይ ማርያምን ማምለክ ይሆንበታል። እኔ ደግሞ «ለምኝልን» ስል፣ እሱ «እህቴ ጸልይልኝ» እንደሚለኝ ያለ ልመና ነው። ቤተ ክርስቲያኔ አምልኮ ለእግዚአብሔር ብቻ ነው ትላለች። ይህን ሲረዳ ጥያቄው ተለወጠ፦ «እሺ፣ ግን በሥጋ የተለዩት ይሰሙናል ወይ?» ይህ ትክክለኛው ጥያቄ ነው። ወደ ሦስተኛው ዓምድ ገባ። በ1854 የታወጀው ያለ አዳም ኃጢአት መፀነሷና በ1950 የታወጀው ፍልሰቷም እዚያው ናቸው። እሱ መጽሐፍ ውስጥ አላየሁትም ይላል፤ እኔ ቤተ ክርስቲያን ስትጠብቀው የኖረችው ነው እላለሁ።

የተረፈው ዳቦ ምን ይሆናል?

ስለ ቁርባን ለወራት ተከራክረናል። ዮሐንስ 6፣ ሉቃስ 22፣ እንደገና ዮሐንስ 6። ነገሩ ፍንትው ያለልኝ ግን አብሬው የሄድኩ ቀን ነው። የጌታ እራት ነበር። በትሪ የተቆራረሰ ዳቦና በትንንሽ ብርጭቆ ቀይ ጭማቂ ዞረ። ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ አጠገቤ ያለችው ሴት ታለቅስ ነበር። ይህን በዓይኔ ካየሁ በኋላ «ለእነሱ ተራ ነገር ነው» የሚለውን ቃል አፌ ላይ መልሼ አላውቅም። ትሪው ሲደርሰኝ ግን ሳልወስድ አሳለፍኩት። ወንድሜ አይቶኛል።

ስንወጣ «የተረፈው ዳቦ ምን ይሆናል?» አልኩት። «ልጆች ይበሉታላ» አለኝ። ዳቦ ነው፤ መታሰቢያነቱ በእራቱ ሰዓት ነበር። በሳምንቱ እሱ እኔ ጋ መጣ። ካህኑ የተረፈውን በጥንቃቄ ሰብስበው መሠዊያው አጠገብ ባለች ትንሽ ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። ፊት ለፊቷ ቀይ መብራት ይበራል። ሰዉ ሲወጣ ወደዚያ ዞሮ ይንበረከካል። ወንድሜ መብራቱን እያየ ብዙ ቆየ። «እናንተ በእርግጥ እሱ እዚያ አለ ብላችሁ ነው የምታምኑት» አለኝ። አዎ። በትክክል እንደዚያ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ስለምታምኑት ብቻ አትጠይቁ፣ ስለምታደርጉት ጠይቁ። የተረፈው ዳቦ ምን ይሆናል? ኃጢአት ስትሠራ መጀመሪያ ለማን ትነግራለህ? ሰው ሲሞት ምን ትላላችሁ? ግን ሁለት ቤተ ክርስቲያን አይታችሁ አትደምድሙ። ሉተራውያን ከወንድሜ ቤተ ክርስቲያን ይለያሉ፤ ክርስቶስ በእራቱ በእውነት እንዳለ ያምናሉ።

የልዩነቱ ሁሉ ሥር ያለው «ማን ይወስናል?» የሚለው ላይ ነው። ለወንድሜ የመጨረሻው ዳኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ጉባኤም ፓስተርም በእሱ ይመዘናሉ። ለኔ መጽሐፍ ቅዱስና የሐዋርያት ትውፊት አብረው የእግዚአብሔር ቃል ናቸው፤ የመተርጎም አደራው የጳጳሳትና የሮማው ጳጳስ ነው። ጳጳሱ አይሳሳቱም ሲባል ኃጢአት የለባቸውም ማለት አይደለም፤ እሳቸውም ይናዘዛሉ። በ1870 የተወሰነው፣ የእምነትንና የሥነ ምግባርን ትምህርት ለመላዋ ቤተ ክርስቲያን በሙሉ ሥልጣን ሲያውጁ ብቻ የሚሠራ ነው።

ይህን ስንነጋገር ነው ወደዚያ ባሕር ዛፍ የተመለስነው። የሱ መጽሐፍ ቅዱስ 66 መጻሕፍት አሉት፤ የካቶሊኩ 73። ጦቢት፣ ዮዲት፣ ጥበብ፣ ሲራክ፣ ባሮክና ሁለቱ መቃብያን ናቸው ልዩነቱ። 2ኛ መቃብያን 12 ላይ ይሁዳ መቃቢ ለሞቱት ወታደሮቹ መሥዋዕት እንዲቀርብ ያደርጋል። (ይህን ስትፈልጉ ተጠንቀቁ። በኦርቶዶክሱ 81 ውስጥ ያለው መቃብያን ስሙ እንጂ ታሪኩ ሌላ ነው።) ወንድሜ ያን ገጽ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። «እኔ ጋ ይሄ መጽሐፍ የለም» አለ። እኔ ደግሞ ያን ቀን ያልገባው አባቱን ስላልወደደ እንዳልሆነ ገባኝ።

ለመጋባት አስባችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ቀለበት ሳይታሰር ሁለት ነገር እወቁ። ካቶሊኩ ወገን ከሀገረ ስብከቱ ጳጳስ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ልጆቹን በካቶሊክ እምነት ለማሳደግ የሚችለውን ሁሉ እንደሚያደርግም ቃል ይገባል። ሌላው ወገን ይህን ቃል አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ወንጌላዊውም ቤተ ክርስቲያኑ ምን እንደምትል መጋቢውን ይጠይቅ። ሽማግሌ ከተላከ በኋላ የሚወጣ ነገር ቤት ያፈርሳል።

እኛ አሁን ጥምቀት ላይ ነን። ከባድ ነው፣ ምክንያቱም ወንድሜ ሁለቴ ውኃ ውስጥ ገብቷል። አንዴ ሆሳዕና በአርባ ቀኑ፣ አንዴ በሃያ ዓመቱ። ለኔ ሁለተኛው ጥምቀት አይደለም፤ ጥምቀት አይደገምም። ለሱ የመጀመሪያው ጥምቀት አልነበረም። ባለፈው እሑድ የክርስትናውን ፎቶ ከእማዬ አልበም አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አባዬ ነጭ ለብሶ አቅፎታል።

ወንድሜ ፎቶውን አንስቶ ብዙ አየው። «ያን ቀን ያመነው ማን ነው?» አለኝ።

«አባዬ» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ ደብተሩን ወደ ራሱ ሳበና ሦስተኛው ዓምድ ላይ ጻፈው፤ ጥያቄውንም መልሴንም። በሚቀጥለው እሑድ ከዚያ እንቀጥላለን።