የድንጋይ ካባ ከመክፈታችሁ በፊት ጨፌውን ካርታ ላይ አውጡት

ጎጃም ውስጥ በየካቲት ሳይት የሚያይ ሰው ይሸወዳል። ጨፌው፣ ማለትም ክረምት ውሃ የሚተኛበት ረግረግ ሜዳ፣ ደርቆ፣ ከብት ተሰማርቶበት፣ ተራ የግጦሽ ሜዳ መስሎ ይጠብቀዋል። ለጥ ያለ ስለሆነም ለክሬሸር (ድንጋይ መፍጫ ማሽን) መትከያ፣ ለአፈር መድፊያ ዓይን ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። ሐምሌ ላይ ኤክስካቫተሩ እስከ ሆዱ ሲሰምጥ ማንም አይገረም። ስለዚህ ቢያንስ ሁለቴ እዩት፦ አንዴ መስከረም ላይ፣ አንዴ በጋው ሲጠና።

ከመሄዳችሁ በፊት የሳተላይት ምስል አውርዱ። የአውሮፓው ሳተላይት የሴንቲኔል 2 ምስል በነፃ ይገኛል፤ 10 ሜትር ድረስ ለይቶ ያሳያል። ክረምቱን ደመና ከጋረደባችሁ ደመናን አልፎ የሚያየው የሴንቲኔል 1 ራዳር አለላችሁ። በበጋው ምስል ዙሪያው ሁሉ ቢጫ ሆኖ አንድ ጥግ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ እዚያ ላይ ምልክት አድርጉ። ለዚህ ኪውጂአይኤስ የተባለው ነፃ የካርታ ሶፍትዌር ይበቃል፣ ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም።

ከዚያ እረኞቹን ጠይቁ። ከብት የት እንደሚሰምጥ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ልጃገረዶቹንም ለዘመን መለወጫ እንግጫ የሚነቅሉት የት እንደሆነ፣ ገበሬውንም ጓያ የሚዘራው የቱ ማሳ ላይ እንደሆነ ጠይቁ። ጓያ ክረምት የተኛው ውሃ ሲሸሽ በቀረው እርጥበት የሚዘራ ነውና።

ሳይቱ ላይ የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦ ውሃ፣ ዕፅዋት፣ አፈር። ደንገል፣ ፊላና ቄጠማ ከሩቅ ይታያሉ። ባህር ዛፍ ወይም ዲከረንስ (ለከሰል የሚተከለው የግራር ዓይነት) ተተክሎበት ከሆነ ግን ዕፅዋቱን ማመን አይቻልም፤ አፈሩ ቶሎ አይለወጥም። 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቆፍሩና ጓሉን በእጃችሁ ፈርክሱት። መልኩ ግራጫ ሆኖ ውስጡ የሚስማር ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ ካለው፣ ወይም የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ፣ ውሃ ይተኛበታል ማለት ነው። ውሃው አየሩን ሲያስወጣ አፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ይሟሟና ይሄዳል፤ አየር ባገኘበት፣ በተለይ በሥሮች ዙሪያ፣ ይዝጋል። ዋልካ (ሲደርቅ የሚሰነጣጠቀው ጥቁር የሸክላ አፈር) ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ጥቁረቱ ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል። እዚያ የሥሮቹን ዳር ጠጋ ብላችሁ እዩ፣ ጉድጓዱንም ተዉትና ውሃ ይቋጥር እንደሆነ ጠብቁ። መሰነጣጠቁ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

ድንበሩን ለማግኘት ከእርጥቡ ወደ ደረቁ ቀጥ ብላችሁ እየሄዳችሁ ቆፍሩ። ምልክቶቹ የጠፉበት ቦታ ላይ የጂፒኤስ ነጥብ ያዙ፣ በሌላ አቅጣጫም ድገሙት፣ ነጥቦቹን አገናኙ። የቆየው ቶፖ ካርታ (የመሬት አቀማመጥ ካርታ) አዲንዳን በሚባለው የመጋጠሚያ መነሻ ነው የተሠራው፣ ጂፒኤሳችሁ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ሌላ መነሻ ላይ ይሆናል። ሁለቱን ሳታስማሙ ከደረባችሁ ድንበራችሁ ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል። በ200 ሜትር ደግሞ ጨፌው ሙሉ በሙሉ ከፈቃዱ ክልል ወጥቶ ሊታይ ይችላል!

በፈቃዱ ክልል ብቻም አትወሰኑ። ካባው ከከርሰ ምድር ውሃው በታች ከወረደና ውሃውን በፓምፕ ካወጣችሁት ውጭ ያለው ጨፌም ሊደርቅ ይችላል። ምንጮችንና የታች ጅረቶችን ካርታው ውስጥ አስገቡ፤ በተለይ ጮቄ ተራራ ሥር ወይም ጣና ዙሪያ። ጣናን ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. ባዮስፌር ሪዘርቭ (ሰውና ተፈጥሮ ተጣጥመው የሚኖሩበት ጥብቅ ክልል) ብሎ መዝግቦታል።

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ፈቃድ ሳያገኝ ሥራ እንዳይጀምር አዋጅ ቁጥር 299/1995 ይከለክላል። ካርታው ለግምገማው ብቻ ተብሎ ፋይል ውስጥ እንዳይቀር፣ ዲዛይን ለሚሠራው ሰው ቀድማችሁ ስጡት። አፈር መድፊያው አንዴ ከተሣለ በኋላ የሚያዛውረው የለም።